«ይሁዲ መሆናቸውን በምን አወቁ?» ብላ ለጠየቀችኝ ተማሪ ምን ልመልስላት?

የደምበጫው መምህር

ሰላም ለሁላችሁም። ደምበጫ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ማክሰኞ 10ኛ ክፍል ገብቼ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት እያስተማርኩ ነበር። መጽሐፉ ሂትለር በይሁዶች ላይ ያደረሰውን ግፍ በአንዲት አጭር አንቀጽ ነው የሚያልፈው። ስድስት ሚሊዮን ሰው ተገደለ ይላል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ርዕስ። እኔም ሌላ ጊዜ እንዲሁ ነበር የማልፈው። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል። አለቀ።

ማክሰኞ ግን መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። «ቲቸር፣ ጀርመኖቹም ነጭ ናቸው፣ ይሁዶቹም ነጭ ናቸው። ቋንቋቸው አንድ ነው። ልብሳቸውም አንድ ነው። ታዲያ ይሁዲ መሆናቸውን በምን አወቁ?»

ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ መልሱን በቅጡ አላውቀውም ነበር። ከኋላ አንዱ «በአፍንጫቸው» አለና ጥቂቶች ሳቁ። ሌላው ተቀብሎ «ጌታን ስለሰቀሉ ነው፤ እግዜር ነው የቀጣቸው» አለ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። እንደውም ብዙዎቹ «ልክ ነው» በሚል ዓይነት አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። ስለ ሕፃናት መገደል እያወራን የተገባቸው ይመስል ተስማሙ።

ደወል ተደወለ። «ሐሙስ እንመለስበታለን» ብዬ ወጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።) ሂትለር ሥልጣን የያዘው ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ነው። በሁለት ወሩ፣ ኤፕሪል 1፣ ዩኒፎርም የለበሱ ጎረምሶች የይሁዶች ሱቅ በር ላይ ቆመው ገዢ ከለከሉ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ይሁዶችን ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ሕግ ወጣ። መምህራኑም በዚሁ ሕግ ተባረሩ። ሴፕቴምበር 1935 ኑረምበርግ ላይ ዜግነታቸውን የሚነጥቅና ከሌላው ጀርመናዊ ጋር እንዳይጋቡ የሚከለክል ሕግ ታወጀ። እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ይሁዲ ማለት ማን እንደሆነ በቁጥር አስቀመጠው። ከአራቱ አያቶችህ ሦስቱ ይሁዲ ከሆኑ አንተም ይሁዲ ነህ።

እዚህ ላይ ንባቤን አቆምኩ። አያት መቁጠር! እኛ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ተማሪዎቼ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሐሙስ በዚህ ልጀምርላቸው ወይ አልኩ። «ሁላችሁም ወረቀት አውጡና የአራቱን አያቶቻችሁን ስም ጻፉ» ልላቸው ነው ያሰብኩት። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ሰባት ቤት መቁጠር ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ያኛው ሰው ለማጥፋት ነው። ላስተምር ብዬ እንዳላደናግራቸው።

እባካችሁ እርዱኝ። ልጅቷን ምን ልበላት? «ስለሰቀሉ ነው» ያለውንስ ልጅ እምነቱን ሳልነካ እንዴት ልመልሰው? ሐሙስ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው የምገባው።

የቆሎ ተማሪ

ሰላም መምህር። እኔ ስለ ሁለተኛው ልጅ ልናገር። ቢቸና አካባቢ ዲያቆን ነኝ፤ ልጅነቴ ያለፈው ቅኔ ቤት ነው።

ልጁን አትቆጣው። እሱ የሰማውን ነው የተናገረው። እኔም በሕማማት ሲነበብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ «አይሁድ» የሚለው ቃል የሕዝብ ስም አይመስለኝም ነበር። የክፉ ሰው መጠሪያ ይመስለኝ ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም።

እንዲህ ብለህ ጠይቀው። እመቤታችን የማን ልጅ ናት? የኢያቄምና የሐና ይልሃል። እነሱስ ከማን ወገን ናቸው? ከዳዊት ወገን። ጴጥሮስስ? ዮሐንስስ? ጳውሎስ ራሱ «ከብንያም ወገን ነኝ» ብሎ ጽፏል። እንግዲህ ያን የሂትለር ደንብ አምጣና አያት ቁጠርላቸው። እመቤታችንን መዝግበው፣ የይሁዲ መለያ ኮከብ ልብሷ ላይ ሰፍተው፣ የከብት ባቡር ላይ ይጭኗት ነበር። ጌታ ራሱ መስቀል ላይ ሆኖ «ይቅር በላቸው» አለ እንጂ ከሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን ፍጁልኝ አላለም።

ደግሞም ነገሩ የሃይማኖት ቅጣት አለመሆኑን የምታሳይ አንዲት ሴት አለች። ኤዲት ሽታይን ትባላለች። በይሁዲ ቤት ተወለደች፤ ፍልስፍና ተማረች፤ በ1922 ተጠምቃ ካቶሊክ ሆነች፤ በኋላም መነኮሰች። ጀርመን ሲጠብባት ወደ ሆላንድ ገዳም አሻገሯት። በኋላ ሆላንድንም ጀርመን ያዛት። በ1942 ክረምት የሆላንድ ጳጳሳት የይሁዶችን መወሰድ የሚያወግዝ ደብዳቤ በየቤተ ክርስቲያኑ አስነበቡ። በሳምንቱ ናዚዎቹ ከይሁዲ የተወለዱትን ካቶሊኮች ለቀሙ። እሷንና አብራት የነበረችውን እህቷን ከገዳሙ በር አወጧቸው። ኦገስት 9 ቀን ኦሽቪትስ በሚባለው የናዚዎች መግደያ ካምፕ ተገደለች። የምንኩስና ልብሷ አላዳናትም። ጥምቀቷን አይደለም ያዩት፤ አያቶቿን ነው የቆጠሩት።

ይሄን ለዚያ ልጅ ንገረው። መነኩሴ ከገዳም ጎትቶ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የጎጃም ልጅ ይገባዋል።

ግን አንድ ነገር አትሸሽግ። አውሮፓ ውስጥ ያንን «ሰቃዮች» የሚለውን ቃል ለብዙ መቶ ዓመት ሲሰብኩ የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ሂትለር መሬቱን ታርሶ ነው ያገኘው።

ጡረተኛው፣ ደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ መጀመሪያ ልጅቷን በክፍሉ ፊት አመስግናት። 34 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው።

መልሱ አንድ ቃል ነው፤ በወረቀት።

ጀርመን ውስጥ በየደብሩ የክርስትና መዝገብ ነበር። ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን እንደተጠመቀ፣ ማን ማንን እንዳገባ ይጻፍበታል። ለዘመናት ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ከ1933 በኋላ ግን የመንግሥት ሥራ የፈለገ ሰው የአባቱንና የእናቱን፣ የአያቶቹንም የጥምቀት ማስረጃ አምጣ ተባለ። ሰው ሁሉ በየደብሩ ጽሕፈት ቤት ተሰለፈ። ካህኑም መዝገቡን ገልጦ፣ ገልብጦ፣ ማኅተም እየመታ ሰጠ። ያን ካህን አስበው። እሱ ሰው አልገደለም። ወረቀት ነው የገለበጠ። የአያቱ ስም መዝገቡ ላይ የሌለበት ሰው ግን በዚያች ወረቀት ተለየ።

ቀጥሎ በሜይ 1939 የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። ከዋናው ቅጽ ጋር ሌላ ካርድ በፖስታ ታሽጎ የሚመለስ ነበር። ስለ እያንዳንዱ አያት ይጠይቃል፤ በዘር ይሁዲ ነበር ወይስ አልነበረም? የሞላው ማን ይመስልሃል? ሰውየው ራሱ። በገዛ እጁ፣ በገዛ ብዕሩ።

ከዚያ በፊት ስማቸውንም ነክተውታል። በኦገስት 1938 በወጣ ደንብ፣ ስሙ ብቻውን ይሁዲነቱን የማይናገር ወንድ ሁሉ «እስራኤል»፣ ሴት ሁሉ «ሣራ» የሚል ስም እንዲጨምሩ ታዘዙ። ከጃንዋሪ 1939 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ፓስፖርታቸው ላይም ቀይ ፊደል ተመታበት። ኮከቡ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ጀርመን ውስጥ በሴፕቴምበር 1941። ስድስት ዓመት ከሞላው ልጅ ጀምሮ፣ መዳፍ የምታህል ቢጫ ጨርቅ፣ በግራ ደረት በኩል ጥብቅ ተደርጋ የምትሰፋ፣ መሐሏ ላይ በጥቁር «ይሁዲ» የተጻፈባት።

ለልጅቷ እዚህ ላይ ቁምላት። በመልክ የሚለዩ ቢሆኑ ኮከብ ለምን ያስፈልግ ነበር? አንቺ እንዳልሽው ነው በላት። መልካቸው አንድ ነበር፣ ቋንቋቸው አንድ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠሯቸው፤ ከዚያ ስም ለጠፉባቸው፤ መጨረሻ ላይ ምልክት ሰፉባቸው። ስምንት ዓመት ፈጀባቸው።

ወረቀቱ ምን ያህል ገዳይ እንደነበር የገባቸው ሰዎችም ነበሩ። ሆላንድ ውስጥ፣ አምስተርዳም ከተማ የነዋሪዎች መዝገብ ቤት ነበር። ማርች 27 ቀን 1943 ማታ ጥቂት ሰዎች የፖሊስ ልብስ ለብሰው ገቡ። ከመሪዎቹ አንዱ ዊለም አሮንዴዩስ የሚባል ሰዓሊ ነው። ጠባቂዎቹን በመርፌ አስተኟቸው፤ ካርዶቹን ከመሳቢያ እያወጡ መሬት ላይ ቆለሉ፤ አቃጠሉት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም ነገሩ ገባቸው። ሆን ብለው ዘገዩ። ከደረሱም በኋላ ከልክ በላይ ውኃ ለቀቁበት፤ እሳት ያልበላውን ወረቀት ውኃ ይብላው ብለው። የተቃጠለው ከመዝገቡ ጥቂቱ ነው። አሮንዴዩስና 11 ሰዎች ተይዘው በጁላይ ተረሸኑ። እኔ ይሄን ታሪክ ሳስተምር ሁልጊዜ ጉሮሮዬን ይዘጋኛል። ለወረቀት የሞቱ ሰዎች።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ተማሪዎችህ «ሩቅ ነው» እንዳይሉህ የጥሊያንን ንገራቸው። አባቴ ማቻከል ነው ያደገ። ጥሊያን ሲገባ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ባንዳው በየደጁ እየቆመ «ከዚህ ቤት ወንድ ስንት ነው? ማን ጫካ ገባ?» እያለ ይጠይቅ እንደነበር ሲተርክልን፣ አያቴ ሁልጊዜ አንድ ልጅ አጉድላ ትቆጥርለት እንደነበር ይነግረን ነበር። ያ እዚህ ሲቆጥር የነበረ የሙሶሎኒ መንግሥት ነው እቤቱ ተመልሶ የራሱን ዜጎች የቆጠረ። ኤፕሪል 1937 ጥሊያን ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣብን። በዓመቱ፣ ኦገስት 1938፣ ኢጣሊያ ውስጥ ያሉትን ይሁዶች በሙሉ ቆጠረ። በሴፕቴምበር ልጆቻቸውንና መምህሮቻቸውን ከትምህርት ቤት አባረረ። በኖቬምበር ጋብቻ ከለከለ። እኛ ላይ የተለማመደውን እነሱ ላይ አዋለው።

ኦክቶበር 16 ቀን 1943 ንጋት ላይ፣ ሮማ ውስጥ፣ ያኔ ከተማዋን የያዙት ጀርመኖች አድራሻ የተጻፈበት ዝርዝር ይዘው በር ለበር አንኳኩ። ከ1,000 በላይ ሰው ወደ ኦሽቪትስ ጫኑ። የተመለሱት 16 ናቸው።

ደምበጫን ደግሞ አትርሳ። በእኛ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ንጉሡ በኦሜድላ ሲገቡ፣ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የመራው ጦር በቡሬ፣ በደምበጫ አድርጎ ነው ደብረ ማርቆስ የገባ። የጦሩን ስም «ጌዴዎን» አለው፤ ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ። የዊንጌት ጸሐፊ አብርሃም አካቪያ የሚባል ይሁዲ ነበር፤ ከፍልስጤም ነው የመጣ። አንተ አሁን በምታስተምርበት አገር ከአርበኞቻችን ጋር ሲሄድ ወገኖቹ አውሮፓ ውስጥ በግንብ ተከበው ይራቡ ነበር። ንጉሡ አዲስ አበባ በገቡ በአራት ወሩ ነው ያ ኮከብ ጀርመን ውስጥ የተሰፋ።

መቼም «ጎረቤቶቻቸውስ የት ነበሩ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ለዚህ ከመጽሐፍ አልመልስም። በ1970 ዓ.ም. ገና አዲስ መምህር ነበርኩ። ቀይ ሽብር ነበር። የቀበሌው ዝርዝር ላይ ስሜ ነበረ። ዝርዝሩን የጻፈው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። በኋላ ወረቀቱን አየሁት፤ የእጅ ጽሑፉን አውቄዋለሁ። አንድ ምሽት ጠላ የምትሸጥ ጎረቤቴ ገል ይዛ «እሳት ልጫር» ብላ ገባች። ፍሙን ከምድጃው እያወጣች፣ ሳታየኝ፣ «ዛሬ እዚህ አትደር» አለችኝ። እሳቷን ይዛ ወጣች። በዚያች ሌሊት መጥተው ነበር። እንግዲህ ጎረቤት ማለት ለእኔ ሁለቱም ናቸው።

አውሮፓም እንዲሁ ነው። ስንቱ የጎረቤቱን ስም ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠ። የወጣውን ቤት ወረሰ፣ ሶፋውን ወሰደ። ዴንማርክ ላይ ግን በ1943 ጌኦርግ ዱክዊትስ የሚባል የጀርመን ኤምባሲ ሰው ይሁዶቹ የሚያዙበትን ቀን አስቀድሞ አወጣ። ወሬው ከምኩራብ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ሐኪም ቤት ዞረ። ከ7,000 በላይ ሰው በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወደ ስዊድን ተሻገረ።

ዓባይ ማዶ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን እኔ አልስማማም። ሰባት ቤት መቁጠር አባቶቻችን ያቆዩልን ጥሩ ሥርዓት ነው። ከሂትለር ሕግ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ መጻፉ ልጆቹን ባህላቸውን ያስጠላቸዋል። እኛ አያት የምንቆጥረው ዘመድ ለማወቅ ነው እንጂ ሰው ለመለየት አይደለም። እንደ ጋሸ ያሉ ሰዎች የጻፉትን አክብሬ አነበብኩ፤ የጥሊያኑ በቂ ነው። እሱን አስተምር፤ ሌላውን ተወው።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ወንድሜ ዓባይ ማዶ የጻፈውን ሳነብ ግን አላስቻለኝም።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ነርስ ነኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አያቴም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ምጣዱንና ጀበናውን ተሸክመን ገበያ እንወጣ ነበር። ሴቶቹ ይመጣሉ። ምጣዱን አንስተው በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ስንጥቅ እንዳለው ድምፁን ያዳምጣሉ። እናቴ የሠራችው ምጣድ እንደ ደወል ነበር የሚጮኸው። ይገዟታል። ብሩን ግን እጇ ላይ አያስቀምጡትም፤ ገለባው ላይ ጣል ያደርጉታል። ያዘሉት ልጅ ካለ ነጠላቸውን ፊቱ ላይ ሳብ ያደርጋሉ። እናቴ እንዳታየው። ቡዳ ናት ተብላ። በእሷ ምጣድ እንጀራ ጋግረው ይበላሉ፤ እሷ ቤት ግን ውኃ አይጠጡም።

አያት የምንቆጥረው ለዘመድ ብቻ ነው አልክ። ለእኔ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። የዛሬ 11 ዓመት ነው። ሰባት ቤቱ ተቆጠረ፤ ዘመድ አልሆንም። ደስ አለን። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ «አጥንቷ ይጣራ» የሚል። አንድ አጎቱ እናቴ አገር ድረስ ሄዶ ጠይቆ መጣ። ጥያቄው አያቴ ላይ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ ቆመ። ልጁ ራሱ ደውሎ እያለቀሰ ነገረኝ። አያቴን አይቷት አያውቅም። እሷ ከሞተች ያኔ 20 ዓመት አልፏታል።

ስለዚህ መምህር፣ የኑረምበርጉን ደንብ ስታነብ እኔ ሌላ ሰው አላስታወስኩም። አያቴን ነው ያስታወስኩት።

ግን እኩል ነው አልልም። እኔ ዛሬ ነርስ ነኝ፤ ደመወዝ አለኝ፣ ቤት አለኝ። እኔን ያገለለኝ ሰፈር ነው። እነሱ ላይ የመጣው ግን ሰፈሩም፣ ሕጉም፣ ፖሊሱም፣ ባቡሩም በአንድ ላይ ሆኖ ነው። የሚሸሹበት ቢሮ የለም፤ የሚከሱበት ፍርድ ቤት የለም። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ለተማሪዎችህ በደንብ አስረዳቸው። የጎንደሮቹን ቤተ እስራኤሎችም ማንሳት ትችላለህ። እነሱም ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ እነሱም ቡዳ ይባሉ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ቤታቸው የነበረበትን መንደር አሁን ስሙን የሚያውቅ ብዙ ልጅ የለም።

አንድ ልመና አለኝ። «የአራት አያቶቻችሁን ስም ጻፉ» አትበላቸው። እለምንሃለሁ። እኔ ያን ወረቀት ቢሰጠኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። የአንዷን አያቴን ስም እዋሽ ነበር። ክፍልህ ውስጥ እንደኔ ያለ ልጅ የለም ብለህ አታስብ። አለ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው።

የደምበጫው መምህር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽውን ረቡዕ ሌሊት አነበብኩ። ወረቀቱን ተውኩት። ሳስበው አፈርኩ። እኔም እኮ ላስተምር ብዬ ልቆጥራቸው ነበር።

ሐሙስ የገባሁት የስም መጥሪያውን ብቻ ይዤ ነው። ስም ጠርቼ ጨረስኩ። ከዚያ «ይሄ ደብተር ስለ እናንተ ምን ያውቃል?» አልኳቸው። ስማችንን፣ የአባታችንን ስም፣ ዕድሜያችንን አሉ። ስንት ቀን እንደቀረን አለ አንዱ። «ጀርመንም ደብተር ነበረ» ብዬ ጋሸ በጻፉልኝ ሄድኩ። መዝገቡን፣ ካርዱን፣ ስሙን፣ ፓስፖርቱን፣ ኮከቡን በየዓመታቸው በተራ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ስድስት ሚሊዮን የሚለውን አልጻፍኩም። መጨረሻ ላይ ከእነሱ መካከል ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉት ልጆች እንደነበሩ በቃሌ ነገርኳቸው።

ስሙ ላይ ስደርስ ክፍሉ ተለወጠ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሣራዎች አሉ። አንደኛዋ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ሣራ እኮ የአብርሃም ሚስት ናት። ምን ነውር አለው?» አለች። ነውር እንዳልሆነ፣ ለእያንዳንዷ ሴት በግድ ሲለጠፍ ግን ስም መሆኑ ቀርቶ ምልክት እንደሚሆን ነገርኳት። ፊርማዋ ላይ ሳይቀር መጻፍ እንዳለባት ስነግራት ደብተሯን ገልጣ የራሷን ስም አየችው። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረችም።

«ስለሰቀሉ ነው» ላለው ልጅ የመነኩሲቷን ታሪክ ነገርኩት። ወንድሜ ዲያቆን፣ እንዳልከኝ አልተቆጣሁትም። «ገዳም ገብተው?» አለ። አዎ አልኩት። «ጠላት እንኳ ገዳም አይገባም» አለ። ደብረ ሊባኖስን አስታወስኩት፤ በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱን የፈጀበትን። እሱን ያውቀዋል፤ አያቱ ነግረውታል። ሁለቱን ራሱ አገናኛቸው።

ስለ ሸክላ ሠሪዎች አላነሳሁም። ለማንሳት ገና ነኝ፤ መጀመሪያ በደንብ ላስብበት። ዓባይ ማዶ ወንድሜ፣ ሰባት ቤትንም አላነሳሁም፤ ግን በአንተ ምክንያት አይደለም።

ደወል ሊደወል ሲል ያቺ የመስኮት ጥግ ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሁዲ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲባረሩ ስማቸውን ከመጥሪያው የሰረዘው ማን ነው?» አለች።

በኖቬምበር 1938 የቀሩት ሁሉ እንዲባረሩ ትእዛዝ እንደወጣ አንብቤያለሁ። የሰረዘው ግን ያው መምህራቸው ነዋ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? መጥሪያው እጄ ላይ ነበር። እንደዚያው ነገርኳት። «እሺ ያልሰረዘ መምህር አልነበረም?» አለች። ስለ መምህራኑ የምታውቁት ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ። ማክሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ እገባለሁ።

ጡረተኛው፣ ደብረ ማርቆስ

ያኑሽ ኮርቻክን ንገራት፣ ልጄ። ዋርሶ ውስጥ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ የሚመራ ሐኪም ነበር፤ ለልጆች ተረት የሚጽፍ፣ በራዲዮ የሚናገር። ራሱም ይሁዲ ነው። ልጆቹ የራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ አሳዳጊዎቻቸውን ጭምር፣ እሱንም ጭምር የሚከሱበት። ናዚዎቹ ይሁዶችን በግንብ ሲያጥሩ ከልጆቹ ጋር ገባ። ወዳጆቹ ሊያስመልጡት ደጋግመው ለመኑት፤ እምቢ አለ። በኦገስት 1942 መጀመሪያ ወደ 200 የሚሆኑትን ልጆች ሊወስዷቸው መጡ። ረዳቱ ስቴፋኒያ ቪልቺንስካም አልተለየችም። ልጆቹን አሰልፈው አብረዋቸው ወደ ባቡሩ ሄዱ። ትሬብሊንካ በሚባለው መግደያ ካምፕ ሁሉም ተገደሉ።

ስለ እሱ በእጄ ገልብጬ አስተምርበት የነበረ አራት ገጽ ማስታወሻ አለኝ። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። በፖስታ አድርጌ ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እልክልሃለሁ። ላዩ ላይ «ለታሪክ መምህሩ» ብዬ እጽፍበታለሁ። አራት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ወጥተህ ሾፌሩን ጠይቀው።